መድኃኒትን በጽናት ስለ መውሰድ
ከንቅለ ተከላ ሕሙማን የምንማረው



በሀገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል። ለጋሾቹም በሕይወት ያሉ የሕመምተኛው ዘመዶች ነበሩ። እንግዲህ ከቁምስናዎቻችን በአንዱ የእናቱን ወይም የወንድሙን ኩላሊት ተቀብሎ የሚኖር ሰው ቢገኝና መድኃኒቱን አቋረጠ ቢባል፣ ብዙዎቻችን «ያን ያህል መከራ አይቶ፣ ዘመዱ አካሉን ከፍሎ ሰጥቶት፣ እንዴት እንዲህ ያደርጋል?» ብለን ለመፍረድ እንቸኩላለን። በዚህ ትምህርት ከመፍረድ በፊት ምክንያቱን እንመረምራለን።

1. መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ የሚወሰደው ለምንድን ነው?

እግዚአብሔር ሰውነታችንን ሲፈጥር የራሱን ከባዕድ ለይቶ እንዲያውቅና ባዕዱን እንዲዋጋ አድርጎ ነው። ከበሽታ የሚጠብቀን ይኸው ኃይል ግን ከሌላ ሰው የመጣውን ኩላሊት እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 ዶክተር ጆሴፍ መሪ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ያከናወኑት ንቅለ ተከላ የተሳካው፣ ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትያ ወንድማማቾች ስለ ነበሩ ነው። ለሌሎቹ ሁሉ እንደ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን ያሉ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያለዝቡ መድኃኒቶች ያስፈልጋሉ። ታክሮሊመስ አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ መጠኑም በደም ምርመራ ይለካል። ቢያንስ ሰውነት ኩላሊቱን ይዋጋል፤ ቢበዛ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል። ስለዚህ እንደ ወባ መድኃኒት በጥቂት ቀናት ተወስዶ የሚያበቃ አይደለም።

2. ሕመምተኛው የሚደክመው ለምንድን ነው?

አንደኛ፣ ጉዳቱ ድምፅ የለውም። ቁስሉ ድኗል፤ የምግብ ፍላጎቱ ተመልሷል። አንድ ቀን ሳይወስድ ቢውል ምንም አይሰማውም፤ በማግሥቱም እንደዚያው። በዚህ መካከል ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል። ብዙ ጊዜ ጉዳቱን አስቀድሞ የሚናገረው የደም ምርመራ ነው፤ እግር ሲያብጥና ሽንት ሲቀንስ ግን ሊረፍድ ይችላል።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ የራሱ ጫና አለው። እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያስቀምጣል፣ ፊትን ያሳብጣል፣ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ለሌላ በሽታም ያጋልጣል። የራስ ምታት መድኃኒት የታመመውን ያሳርፋል፤ ይህ ግን ደኅና ነኝ ለሚል ሰው አዲስ ሕመም ያመጣበታል። ፊቷ ያበጠባት ወጣት ልጅ ሰው ፊት መቅረብን ብታፍር ሊያስገርመን አይገባም።

ሦስተኛ፣ ርቀትና ወጪ አለ። ከሆሳዕና እስከ አዲስ አበባ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዱራሜ ወይም ከሾኔ ለሚነሳ ሰው የመኪና ዋጋ፣ የማደሪያና የሥራ ቀን ኪሳራ ይጨመርበታል። መድኃኒቶቹም ከውጭ ሀገር የሚመጡ ናቸው። በደቡብ አፍሪካ ካለ ወንድም በሚላክ ገንዘብ የሚታከም ሰው፣ ገንዘቡ ሲዘገይ ሁለቱን ኪኒን ወደ አንድ ዝቅ አድርጎ ለማድረስ ይፈተናል፤ ይህንንም ለሐኪሙ መንገር ያፍራል።

አራተኛ፣ ማኅበራዊ ኑሮአችን አለ። ለመስቀል በዓል ዘመድ ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል፤ ጥሬ ሥጋ ይቀርባል። ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ግን ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ተከልክሏል። «ድነሃል አይደለም እንዴ?» የሚል ጥያቄ ሲበዛበት፣ ከሰው ላለመለየት ሲል ክልከላውንም መድኃኒቱንም ይተዋል።

አምስተኛ፣ «ከተጸለየልህ መድኃኒቱን ተው፤ አለዚያ እምነት የለህም» የሚሉ አይጠፉም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘገባ፣ በበለጸጉ ሀገሮች እንኳ ረጅም ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ሕክምናቸውን በአግባቡ የሚከታተሉት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አመልክቷል። ስለዚህ ድካሙ የሰው ልጅ ሁሉ እንጂ የድሃ ወይም ያልተማረ ሰው ብቻ አይደለም።

3. እምነታችን ምን ያስተምረናል?

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር እንደ ሆኑ ያስተምራል፤ ሕመምተኛውም እንዲጸልይና ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጥ ይመክራል። ስለዚህ ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም። ሶርያዊው ንዕማን (2ኛ ነገ. 5) ታላቅ ተአምር ጠብቆ ሳለ፣ ሰባት ጊዜ መታጠብ የተባለው ቀላልና ተደጋጋሚ ነገር አስቆጣው። የመለሱት በትሕትና ያነጋገሩት አገልጋዮቹ ናቸው። ነቢዩ ትእዛዙን ሰጠ፤ አገልጋዮቹ ግን አብረውት ሆነው እንዲፈጽመው ረዱት። የካቴኪስት አገልግሎት እንደ እነርሱ ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት «የሕይወት ወንጌል» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክት፣ በትክክለኛ ሥርዓት የሚደረገውን የአካል ልገሳ ከፍቅር ሥራዎች ቈጥረውታል። ስጦታው በአንድ ቀን ተሰጠ፤ መጠበቁ ግን የየዕለት ሥራ ነው። ሸክሙም በተቀባዩ ትከሻ ላይ ብቻ ሊቀር አይገባም።

4. ምን እናድርግ?

ሀ. ስንጠይቅ በፍርድ አንጠይቅ። «ወስደዋል ወይስ አልወሰዱም?» ከማለት «የትኛው ሰዓት ይከብድዎታል?» ማለት እውነቱን ያወጣል።

ለ. እድሮቻችን ለቀብር በትጋት ይደርሳሉ። ሰው በሕይወት ሳለ ለሕክምና ጉዞው ቢደርሱለት ደግሞ እጅግ የተሻለ ነው።

ሐ. የጠዋትና የማታ ጸሎት ሰዓት የመድኃኒትም ሰዓት ይሁን፤ ቤተሰቡ አብሮ ያስታውሳል።

መ. ማንም ካቴኪስት መድኃኒት እንዲቋረጥ አይምከር። የባህል መድኃኒትም ሆነ ሌላ ኪኒን ከመወሰዱ በፊት ሐኪም ይጠየቅ፤ አንዳንዱ የንቅለ ተከላውን መድኃኒት ያዳክማልና። ሕመምተኛ ከጾም ነጻ መሆኑንም እናስረዳ።

ይህ ሁሉ ቢያንስ ስድስት ወር የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለሚወስዱ፣ እንዲሁም የኤችአይቪ፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለሚወስዱ ጎረቤቶቻችንም ይሠራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ረጅም ጊዜ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች እንዳያፍሩ ምን ልናደርግ እንችላለን?
2. በበዓላት ጊዜ ሕሙማንን የምናስተናግደው እንዴት ነው?
3. የንዕማን አገልጋዮች በምን ዓይነት ቃል አነጋገሩት? እኛስ?

የሕሙማን ፈውስ የሆነ ጌታ ለሚታመሙት ጽናትን፣ ለእኛም አብሮ የመቆምን ጸጋ ይስጠን። አሜን።