የአዋሽ ሸለቆና ሕዝቡ

በካርታ ላይ አዋሽና ሰመራ በአንድ የመኪና መንገድ የተያያዙ ሁለት ከተሞች ናቸው። ሸለቆውን አስቀድሞ ያስተሳሰረው ግን ወንዙ ነው፤ ይኸውም ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን ላይ በአቤ ሐይቅ ያበቃል።

አዋሽ ሰባት ኪሎን የቆረቆራት የባቡር ሐዲድ ነው፤ ሰመራ የአፋር ክልልን ርእሰ ከተማነት ከአሳይታ የተረከበች አዲስ ከተማ ናት። በመካከላቸው አርብቶ አደሩ አፋር በበጋ ወደ ወንዙ ዳር፣ በዝናም ወራት ወደ ሜዳው ይዘዋወራል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በተንዳሆና በመካከለኛው አዋሽ የተስፋፉት የጥጥ እርሻዎች የወሰዱት ይህንኑ የበጋ ግጦሽ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ድርቁ ሲጠና መንጋው የሚሸሽበት አልነበረውም። እልቂቱን በዝናም እጦት ብቻ ማመካኘት ትክክል አይመስለንም፤ የአብርሃምንና የሎጥን እረኞችም ያጣላቸው የግጦሽ ጥበት ነበር (ዘፍ. 13)።

አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት ሥርዐት አላቸው፤ መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ስለ ውሃ፣ ስለ ሣርና ስለ ሰላም ያዩትን ይነጋገራሉ፤ ሐሰት መጨመር ነውር ነው። ለእርዳታ ሥራ ወደዚህ ሙስሊም ሕዝብ የምንላክ ሁሉ፣ የውሃ ጉድጓድ ቦታ ከመምረጣችን በፊት ከጎሣ ሽማግሌዎች ጋር ልንቀመጥ ይገባናል፤ ያለ ቦታው የተቆፈረ ጉድጓድ መንጋውን ሁሉ ወደ አንድ ስፍራ ሰብስቦ ሣሩን ያስጨርሳልና።