ስለ ኮምፒዩተር ድንገተኛ መቆም፤ ጥፋቱ የራሙ ነው ወይስ የመሰኪያው?

በገጠር ትምህርት ቤት ያለ ኮምፒዩተር ሥራ ይዞ ሳለ በድንገት ቀጥ ብሎ ሲቆም፥ ወይም ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ራሱን አጥፍቶ እንደ ገና ሲነሣ፥ ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚፈርደው ፍርድ ሁለት ነው። አንደኛው «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «አርጅቷልና ወደ ዕቃ ቤት ይግባ» የሚል ነው። በፊተኛው ፍርድ የተማሪዎቹ ውጤትና ለፈተና የተዘጋጀው ጽሑፍ ይጠፋል፤ በኋለኛውም ተማሪው እጁን የሚያለማምድበትን መሣሪያ ያጣል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፥ በጉና ተራራ ግርጌ ያደገ የገበሬ ልጅ መሣሪያውን ሳይነካ ለፈተና ቢቀርብ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ፍርድ ከመስጠት አስቀድሞ ምርመራ ያስፈልጋል።

ሃርድ ዲስክ የሚባለው የኮምፒዩተር ክፍል እንደ ብራና ነው፤ መብራት ቢጠፋም የተጻፈበት አይጠፋም። ራም ግን እንደ ክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ለጊዜው ይጻፍበታል፥ መብራቱ ሲቋረጥም ሁሉ ይደመሰሳል። ከሰሌዳው አንድ ስፍራ ጠመኔ የማይቀበል ቢሆን የተጻፈው 7 እንደ 1 ሆኖ ይነበባል፤ ኮምፒዩተሩም ስሕተቱን እንደ እውነት ይዞ ሲሄድ ይሰናከላል። ራሙ በዳሩ የወርቅ ቅብ ጥርሶች የተደረደሩበት ቀጭን ዕቃ ነው። ጥርሶቹም ማዘርቦርድ በሚባለው ዋና ሰሌዳ ላይ፥ ስሎት በሚባል መሰኪያ ውስጥ ይገባሉ። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ዲዲአር 3 የሚባለው ራም 240፥ ዲዲአር 4 የሚባለው 288 ጥርሶች አሉት፤ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባምና በግድ መጫን አይገባም።

የራም ወይም የመሰኪያ ሕመም ዋና ምልክቱ ሥርዐት የሌለው መሆኑ ነው። ዛሬ በጽሑፍ ሥራ፥ ነገ በሥዕል፥ ከነገ ወዲያ ማንም ሳይነካው ይቆማል። አንዳንድ ጊዜም ሲበራ ስክሪኑ ጨልሞ ቀርቶ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሁልጊዜ በአንድ ፕሮግራም ብቻ የሚቆም ከሆነ ግን አስቀድሞ ፕሮግራሙን መጠርጠር ይሻላል። መብራት በተንቀጠቀጠ ጊዜ ብቻ የሚጠፋ እንደ ሆነ ጥርጣሬው በኤሌክትሪኩ ላይ ነው፤ ብዙ ከሠራና ከጋለ በኋላ የሚጠፋ እንደ ሆነም ማራገቢያው በአቧራ ታፍኖ ይሆናል። ይህን ለመለየት አስተማሪው አንድ ደብተር መድቦ ቀኑን፥ ሰዓቱንና ይሠራ የነበረውን ሥራ ይጻፍ። ደብተር የሌለው ምርመራ ግምት ነው።

ከመክፈቱ በፊት የሚጠቅመውን ጽሑፍ ሁሉ ወደ ፍላሽ ይገልብጥ፤ በሚታወክ ራም የተገለበጠ ጽሑፍ ሊበላሽ ስለሚችል የቀድሞውን ቅጂ አይደምስስ። ከዚያ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ገመዱን ከግድግዳው ይንቀል፤ የላፕቶፕ እንደ ሆነም ባትሪውን ያላቅቅ፤ የማብሪያውንም ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ይያዝ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ ከርሷም በላይ ባለው የጉናና የጋይንት ደጋ ሰው ከብርዱ የተነሣ የበግ ጠጕር ባና ይደርባል። በበጋ ደረቅ አየር የባና ፍትጊያ ኤሌክትሪክ ያከማቻል፤ በጨለማ ሲወልቅ ጭል ጭል የሚለው እርሱ ነው። ይህ ብልጭታ ለሰው ምንም ባይሆን ራምን ሊገድል ይችላል። እንግዲህ ባናው ይውለቅ፤ እጅም የኮምፒዩተሩን ብረት ነክቶ ወደ ውስጥ ይግባ።

ራሙን ከመሰኪያው አውጥቶ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ማሸት፥ ፍርፋሪውንም በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው። መሰኪያውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ማጽዳት ይበቃል። በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ያስገባል፤ አረቄም ውሃ ያለበት ስለ ሆነ፥ «አልኮል ነው» ብሎ መቀባት ስሕተት ነው። ሲመለስም መያዣው ቀጭ ብሎ እስኪዘጋ ድረስ በሁለቱም ጫፍ እኩል ይጫን። ብዙ ጊዜ ሕመሙ አቧራና መላላት ብቻ ነበርና በዚሁ ይድናል።

ባይድን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። በጥማድ ካሉት በሬዎች የቀኙ ጫንቃው ቢላጥ፥ ገበሬው ጥፋቱ የበሬው ቆዳ ነው ወይስ የቀንበሩ ለማለት በሬዎቹን ግራና ቀኝ ያለዋውጣል። ቁስሉ ከበሬው ጋር ቢሄድ ነገሩ የበሬው ነው፤ በቀኝ የሚጠመደው ሁሉ ቢላጥ ግን ቀንበሩ ይታይ። ለሁለት ራምና ለሁለት መሰኪያም ምርመራው ይኸው ነው፤ አራት ጊዜ ይፈተናል። አስቀድሞ ፊተኛው ራም ብቻውን በአንደኛው መሰኪያ፥ ቀጥሎ ብቻውን በሁለተኛው፤ ከዚያም ኋለኛው ራም እንዲሁ በሁለቱም በተራ ይገባል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ መለወጥ ምርመራውን ከንቱ ያደርገዋል።

በየተራው መፈተኛ የሚሆነው ሜምቴስት የሚባለው ያለ ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ በዊንዶውስ ውስጥም ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ የሚባል አለ። ሥራው ደቀ መዝሙር በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ ሲያስመሰክር እንደሚሆነው ነው፤ በራሙ ላይ የታወቀ ነገር ይጽፋል፥ መልሶ ያነባል፥ ከጻፈውም ጋር ያስተያያል። አንዲት ስሕተት ብትገኝ እንኳ «ጥቂት ናት» ተብላ አትታለፍም። ፈተናው ብዙ ሰዓት ሊፈጅ ይችላልና ማታ አስጀምሮ ማደር መልካም ነው፤ መብራት ካቋረጠው ከመጀመሪያው ይጀመር።

ስሕተቱ በሁለቱም መሰኪያ አንዱን ራም ከተከተለ ራሙ ይለወጥ። ሁለቱም ራሞች በአንድ መሰኪያ ብቻ ቢሳሳቱ ጥርጣሬው በመሰኪያው ላይ ይጸናል። ነገር ግን በዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች ራምን የሚያዝዘው ክፍል በፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለ ሆነ፥ የፕሮሰሰሩ መቀመጫ መጣመምም መሰኪያው የታመመ ሊያስመስል ይችላል። ይህን ማየት የባለሙያ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ብቻውን ደኅና ሆኖ በአንድነት ሲገቡ ብቻ ቢታወኩ፥ ሁለቱ ራሞች የማይስማሙ ይሆናሉ።

መሰኪያው ታመመ ማለት ኮምፒዩተሩ ሞተ ማለት አይደለም። ደኅናው ራም በደኅናው መሰኪያ ይግባ፤ 8 ጊጋባይት የነበረው በ4 ቢሠራ ይዘገያል እንጂ ለጽሑፍና ለልምምድ ያገለግላል። የታመመው መሰኪያ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን፤ በሣጥኑም ላይ «2ኛው መሰኪያ አይሠራም» ተብሎ ከነቀኑ ይጻፍ። ወደ ደብረ ታቦር ጠጋኝ የሚላክበት ቀን ቢመጣ፥ የአራቱ ፈተና ውጤት የተጻፈበት ደብተር አብሮ ይላክ፤ ጠጋኙ ምርመራውን ከመጀመሪያው አይጀምርም፥ ትምህርት ቤቱም ደኅናውን ራም ለመለወጥ ገንዘብ አይከፍልም።