ዶሮዋን ያላሳመመ ጀርም እኛን ለምን ያሳምማል?

በበዓል ዋዜማ በድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር ብዙ ቤት ዶሮ ከነነፍሷ ትገዛለች፤ ግቢ ውስጥ ታርዳ፣ በፈላ ውሃ ተነክራ ላባዋ ይነጫል። ስትገዛ ንቁ ከሆነችና ጥሬ ከለቀመች ጤነኛ ናት እንላለን። ስለ ራሷ ጤና አልተሳሳትንም። አንጀቷ ውስጥ ግን እሷን ሳይጎዱ እኛን የሚጥሉ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ዋነኞቹ ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ ናቸው።

ሙቀቱ የተመቸው

የዶሮ የሰውነት ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ካምፒሎባክተር በደንብ የሚራባውም በዚሁ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ዶሮዋ ተቅማጥ ሳይዛት በሚሊዮን እየተራባ ከኩሷ ጋር ይወጣል። የሳልሞኔላ ዓይነቶች ብዙ ናቸው። የዶሮ ታይፎይድ የሚያመጣው ዓይነት መንጋ ይፈጃል፣ ቢሾፍቱ ላይ ክትባት የሚመረተውም ለእሱ ነው፤ ሰውን ግን እምብዛም አይነካም። እኛን የሚያሳምሙን ዓይነቶች ደግሞ ያደገችን ዶሮ ብዙውን ጊዜ አያሳምሟትም።

በሽታ አምጪ የሚባሉት ጂኖች

ባክቴሪያው አንጀት ላይ ለመጣበቅ፣ ሕዋስ ውስጥ ለመግባትና መርዝ ለመሥራት የሚያስችሉት ጂኖች አሉት። ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2000 የካምፒሎባክተርን 1.6 ሚሊዮን ያህል የዘር ፊደላት አንብበው ጨርሰዋል። ፍላኤ የተባለው ጂን የሚዋኝበትን ጅራት ይሠራል። ካድኤፍ ከአንጀት ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ሲዲቲ የተባሉት ሦስት ጂኖች የሚሠሩት መርዝ የሕዋሳችንን ዲኤንኤ ይቆራርጣል፤ ሕዋሱ መከፋፈል አቅቶት ይሞታል። ሳልሞኔላ ደግሞ መርፌ መሰል መሣሪያ አለው፤ ኢንቪኤ የተባለው ጂን የዚሁ መሣሪያ አንድ ክፍል ነው። በመርፌው ፕሮቲን ወደ አንጀት ሕዋስ ይወጋል፤ ሕዋሱም ተገዶ ባክቴሪያውን ይውጠዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፦ ጅራቱም ማጣበቂያውም ዶሮዋ አንጀት ውስጥ ለመኖር ያስፈልጋሉ። ካድኤፍ የተነሣበት ካምፒሎባክተር በጫጩት አንጀት መስፈር አቅቶት ታይቷል። ለእኛ የበሽታ መሣሪያ የሆነው ለባክቴሪያው የኑሮ መሣሪያ ነው።

ጂኑ በሁለቱም ቢገኝስ?

ተማሪዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው። ከዶሮም ከታማሚም በተወሰደ ናሙና፣ ጂን መኖሩን የሚፈትሸው ፒሲአር ካድኤፍን ቢያሳይ፣ «በሽታው ከዶሮዋ መጣ» ብለው ይደመድማሉ። በሁለት ቤት አንድ ዓይነት ቢላ ስለተገኘ ግን አንዱ ከሌላው ቤት መጣ አይባልም። ካድኤፍ ካምፒሎባክተር ጀጁኒ በተባለው ዝርያ፣ ኢንቪኤም በሳልሞኔላ ላይ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገኛሉ፤ ላቦራቶሪዎች ኢንቪኤን ለመለያነት የሚጠቀሙትም ለዚህ ነው። የመጣበትን መንገድ ለማወቅ የሁለቱን ባክቴሪያ ሙሉ የዘር ፊደል ማስተያየት፣ ታማሚው ምን እንደበላም መጠየቅ ያስፈልጋል። ጂኑ መኖሩ ብቻም ሥራ ላይ መዋሉን አያሳይም።

መክተፊያው ላይ

ዶሮ ወጥ ለረጅም ሰዓት ስለሚንተከተክ ሁለቱንም ባክቴሪያዎች ይገድላል። ጉዳዩ ከምድጃው በፊት ነው። በሎሚና በጨው ማጠብ ሽታና ዝልግልግ ነገር ያስወግዳል እንጂ ባክቴሪያውን አይጨርስም፤ የሚረጨው ውሃም ዙሪያውን ይበክላል። ብልት የወጣበት ቢላና መክተፊያ በሳሙና ሳይታጠብ ቲማቲምና ቃሪያ ከተከተፈበት፣ ባክቴሪያው ወደ ሰላጣው ያልፋል፤ ሰላጣው ደግሞ እሳት አያገኘውም። በካምፒሎባክተር ለመታመም ጥቂት መቶ ሕዋሳት ሊበቁ ይችላሉ። በድሬዳዋ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ የዋለ ምግብ ውስጥ ሳልሞኔላ በፍጥነት ይራባል፤ ካምፒሎባክተር ግን አየር ስለማይስማማው እዚያ አይራባም፣ ቢሆንም ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

ሐኪም ዘንድ መቼ?

ብዙው ተቅማጥ በሳምንት ውስጥ ይለቃል፤ እስከዚያው ኦአርኤስ መጠጣት ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የማይበርድ ትኩሳት ወይም መጠጣት ያቃተው ሕፃን ካለ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሳቢያን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። አልፎ አልፎ፣ ምናልባት ከሺህ ታማሚ በአንዱ፣ ካምፒሎባክተርን ለመዋጋት ሰውነታችን የሠራው መከላከያ የራሳችንን ነርቭ ያጠቃል፤ ጊያን ባሬ ይባላል። ከተቅማጡ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከእግር ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ መዛል ከመጣ አስቸኳይ ነው፤ ለሐኪሙም ያለፈውን ተቅማጥ አብሮ መንገር ያስፈልጋል።