ያዩትን ማወቅና ያላዩትን ማመን

በስደት የሚያድጉ ልጆቻችን «ማስረጃው የት አለ?» ብለው ሲጠይቁን መቆጣት አይገባንም። ሐዋርያው ቅዱስ ቶማስም ጠይቋል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን በየዓመቱ በዳግማይ ትንሣኤ ታስበዋለች እንጂ አትሸሽገውም።

ነገር ግን እምነትን በቁሳዊ ማስረጃ ላይ ብቻ መመሥረት ምን እንደሚያስከትል እንመልከት። በኢጣልያ በቶሪኖ ከተማ የጌታ መግነዝ ነው የሚባል የበፍታ ጨርቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 በኦክስፎርድ፥ በዙሪክና በአሪዞና የሚገኙ ሦስት ቤተ ሙከራዎች በካርቦን 14 መርምረው፥ ጨርቁ ከ1260 እስከ 1390 ባለው ዘመን የተሠራ መሆኑን አስታወቁ። ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አላበቃም። እንግዲህ በዚህ ጨርቅ ምክንያት ብቻ ትንሣኤን ያመነ ሰው ቢኖር፥ ከአንዱ ምርመራ ወደ ሌላው ሲዋልል ይኖራል። ምርመራው የመዘነው የጨርቁን ዕድሜ እንጂ የትንሣኤን እውነት አይደለም።

ይህን ስንል ምርመራን እንናቅ ማለታችን አይደለም፤ የሚለካውን ይለካል። ቶማስ በዓይኑ ያየው የቁስሉን ምልክት ነበር፤ የመሰከረው ግን አምላክነቱን ነው። አምላክነት በዓይን አይታይምና፥ ያየው ቶማስም ያላየውን አመነ።

ልጆቻችን ሲጠይቁንም የምናውቀውን ሳናጋንን እንንገራቸው፤ በጸሎት፥ በጾም፥ በምጽዋትና በቅዱስ ቁርባን የምንኖረውን ሕይወትም እናሳያቸው። በቤታችን የማያዩትን እምነት በቃል ብቻ ብንነግራቸው፥ የጥርጣሬያቸው ምክንያት እኛው እንሆናለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።