ቆቅና ጅግራ ከማሳችን እንዳይጠፉ

ጥያቄ፦ ቡሬ አካባቢ በቆሎና ጤፍ አመርታለሁ። ድሮ ቆቅና ጅግራ በየወሰኑ ይፈለፍሉ ነበር፤ አሁን እየጠፉ ነው። ዘንድሮ ስናርም የጅግራ ጎጆ ከነእንቁላሉ አገኘን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እንቁላሉን አይንኩ። ዙሪያውን ያለውን ሣርም አይጨዱ፤ ሽፋኑ ከተነሣ ውሻና ቁራ ወዲያው ያገኙታል። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ዱላ ይትከሉና ያችን ቁራሽ መሬት ሳያርሙ ይለፏት። ጅግራ የምትታቀፈው ለ4 ሳምንት ገደማ ነው። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ እናታቸውን ተከትለው ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ ማረም ይችላሉ። ብቻቸውን ቢያገኟቸውም ወደ ቤት አይውሰዷቸው፤ እናታቸው ከአጠገብ ተደብቃ ሊሆን ይችላል።

ሥር የሰደደው ችግር ግን መጠለያ ማጣት ነው። ማሳው እስከ ወሰኑ ሲታረስ፣ ግጦሹ ሲራቆትና ፀረ አረም ሲረጭ መደበቂያው ሣርም ጫጩቶች የሚመገቧቸው ነፍሳትም ይጠፋሉ። ስለዚህ የእርከኑን ጠርዝ ሣር ያብቅሉበት፤ ክረምቱ እስኪወጣ አይጨዱት፣ ጨርሶም አያቃጥሉት። ሣሩ አፈሩን ይይዝልዎታል፣ ኋላም ለከብት መኖ ይሆናል። እረኞች እንቁላል እንዳይለቅሙም አደራ ይበሉ። ጅግራና ቆቅ ፌንጣና ምስጥ ይለቅማሉ፤ እነሱን መጠበቅ ማሳን መጠበቅም ነው።