በሆርማት ዳር ያየሁት ነጭ አበባ

አምና ለክረምት ስንለያይ የተሰጠን የፊቸር የቤት ሥራ ቀላል ይመስል ነበር፤ አንድ የእግር ጉዞ አድርጋችሁ ያያችሁትን በሁለት ገጽ ጻፉ የሚል። እኔም ለእንቁጣጣሽ ዘመድ ጥየቃ ቆቦ ሄጄ ስለነበር የሆርማትን ወንዝ ዳር መረጥኩ። ይህች ጽሑፍ ስለዚያ ጉዞ ናት፤ ይልቁንም በመጀመሪያው ረቂቄ ላይ ስለሠራሁት ስህተት።

መቼም ቆላ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ደረቅ አገር ነው። ቆቦን በመስከረም ያየ ግን እንዲህ አይልም። በስተምዕራብ የደጋው ተራሮች፣ በስተምሥራቅ ዞብል፣ መሃሉ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ከፍ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ቢጫ አበባ ይታያል። (ይህን ወቅት ብዙዎቻችን ጸደይ እንለዋለን። በእኛ አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው የአበባ ወቅት መጸው ነው፤ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። እኔም ይህን ያወቅሁት ረቂቄ በቀይ ከተሰመረበት በኋላ ነው።) መንገዱ ዳገት የለውም፤ በሸበጥም ይኬዳል።

አብረውኝ የሄዱት የእናቴ አጎት ነበሩ፤ እኛ ቤት ሁሉም አያ ነው የሚላቸው። ሆርማት አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ድንገት ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ የራያ ገበሬም ይህን ጎርፍ በአፈርና በድንጋይ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ውሃው ብቻ ሳይሆን ይዞት የሚመጣው ደለልም ይፈለጋል። እሳቸው ቆም እያሉ የትኛው መጥለፊያ ከማን አያት እንደወረደ፣ ውሃው በየተራ ለማን እንደሚደርስ ነገሩኝ። መሐንዲስ ያልነካው፣ ግን ሕግ ያለው ነገር ነው። ስለ ሣሩም አወሩኝ። ነሐሴ ላይ የቆቦ ልጃገረዶች ሶለል ሲጫወቱ ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ለምለም ሣር አለ። በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ የሚባለው በዓል እዚህ ስሙ ሶለል ነው።

ትንሽ እንደሄድን ወንዙ ዳር ያለው የግጦሽ መሬት በሙሉ ነጭ ለብሶ አየሁት። ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁና "በረዶ የወረደበት የሚመስል መስክ" ብዬ ጻፍኩ። ምን ልበላችሁ፣ በአረፍተ ነገሯ ኮርቼባት ነበር።

"አያ፣ እንዴት ያምራል ይሄ አበባ!" አልኳቸው።

"የምን አበባ! ቅንጬ አረም አይደል እንዴ?" አሉኝ። "ከብቱ ሌላ ሲያጣ ይበላዋል፤ ወተቱ ይመራል። ሳርም ውዬ እጄ ምን እንደሆነ አታይም?" ክንዳቸው ሽፍ ብሎ ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አነበብኩ። ቅንጬ አረም፣ በሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም፣ የመጣው ከመካከለኛው አሜሪካ አካባቢ ነው። በሐረርጌ በኩል ፈረምሲሳ ይሉታል። አንዱ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል፤ ሌሎች ዕፅዋት እንዳይበቅሉም የሚከለክል ኬሚካል አለው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት አረሙ ሳይነቀል ከቆየ የማሽላን ምርት ከ40 እስከ 97 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሕንድም ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትቸገርበታለች፤ እዚያ የገባው ከአሜሪካ ከመጣ ስንዴ ጋር ነው ይባላል።

እኛ ዘንድ እንዴት ገባ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከሙያችን ጋር የሚገናኘው። ተመራማሪዎች ሁለት መንገድ ይገምታሉ። አንዱ የኢትዮ–ሶማሊያ ጦርነት ተሽከርካሪዎች ናቸው። ሁለተኛው በ1977ቱ ድርቅ የመጣው የእርዳታ እህል ነው። ከቆቦ አላማጣን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ ቆረምን እናገኛለን። የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን የቀረጹት፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 የተላለፈው ዘገባ የተነሳው እዚያ ነው። ክፍል ውስጥ ስለዚህ ዘገባ ስንማር ዓለምን እንዳንቀሳቀሰ ነው የምንሰማው፤ እውነትም ነው። ዘገባው እህል አመጣ፤ ግምቱ ትክክል ከሆነ ከእህሉ ጋር ዘሩም መጣ። ካሜራው ከሄደ በኋላ በመስኩ ላይ የሆነውን ግን ያን ያህል የዘገበ የለም።

ይህን በስልክ ለአያ ስነግራቸው ዝም አሉ። ቀጥለው "እህሉ ባይመጣ እኔም ዛሬ አላወራህም ነበር" አሉኝ። በዚያን ጊዜ ወጣት ነበሩ፤ ወረፋ ይዘው ስንዴ ተቀብለዋል። እኔ "የእርዳታው መዘዝ" የሚል ርእስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አልተጠቀምኩበትም።

ሁለተኛውን ረቂቅ ስጽፍ በረዶዋን አወጣኋት። የማንን ግጦሽ እንደሸፈነ፣ በስንት ዓመት ውስጥ እንደተስፋፋ፣ ሴቶቹና ልጆቹ በእጃቸው ሲነቅሉት ምን እንደሚደርስባቸው ደግሜ ደውዬ ጠየቅሁ። አያ ስለ ሶለሉ ሣርም አንድ ነገር ጨመሩልኝ፤ ድሮ ከቤታቸው ጀርባ ይገኝ የነበረውን ሣር የልጅ ልጆቻቸው አሁን ርቀው ሄደው ነው የሚያጭዱት።

የዚያን ቀን ማታ ከወንዙ ስንመለስ የአያ ባለቤት ወተት አቅርበውልኝ ነበር። መረር ይላል። ይሉኝታ ይዞኝ ምንም ሳልል ጨረስኩት። ሁለተኛው ረቂቄ የሚጀምረው ከዚያ ወተት ነው።