ቪው፣ ፈንክሽን ወይስ ፕሮሲጀር?

እኛ የሶሻል ወርክ ተማሪዎች የምንይዘው መረጃ የሰው ገመና ነው። ስለዚህ ከዳታቤዝ መረጃ የምናወጣበትን መንገድ ስንመርጥ፣ መጀመሪያ «ማን ምን ማየት አለበት?» ብለን እንጠይቅ። የሚልጋ አመልካቾች ሰንጠረዥ በኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ አለን እንበል፤ ስም፣ ከተማ፣ ስልክና የቤተሰብ ገቢ ይዟል።

ቪው ማለት ስም ወጥቶለት የተቀመጠ የሰሌክት ጥያቄ ነው። አስጠኚ ለሚመድብ ሰው ስምና ከተማ ይበቃዋል። ሁለቱን ብቻ የሚያሳይ ቪው ሠርተን ፈቃዱን በቪው ላይ ብቻ ብንሰጠው፣ ገቢውን አያይም። የአሽዶዶቹን ብቻ ከፈለገም ቪውን በከተማ ማጣራት ይችላል።

ቪው ግን ፓራሜትር አይቀበልም። «ገቢያቸው ከዚህ በታች የሆኑትን» እያልን ገደቡን መቀያየር ካስፈለገን፣ ሰንጠረዥ የሚመልስ ፈንክሽን እንጠቀማለን። እዚህ ላይ እንጠንቀቅ፤ የገቢው ዓምድ ባይታይም፣ ገደቡን ደጋግሞ የሚቀያይር ሰው የአንዱን ቤት ገቢ ሊደርስበት ይችላል።

ሙሉ ፋይል ለሚከፍት ሠራተኛ ስቶርድ ፕሮሲጀር ይሻላል። ፋይሉን ከማሳየቱ በፊት ማን መቼ እንደከፈተው ይመዘግባል። በኤስኪውኤል ሰርቨር ፈንክሽን ሰንጠረዥ ላይ መጻፍ ስለማይፈቀድለት ይህን አይሠራም። በአንጻሩ የፕሮሲጀርን ውጤት እንደ ቪው በቀጥታ ከሌላ ሰንጠረዥ ጋር ማጣመር አይቻልም።

ማሳየት ብቻ ከሆነ ቪው፣ ከውጭ የሚገባ ገደብ ካለ ፈንክሽን፣ መመዝገብ ካለበት ፕሮሲጀር። ወላጆቻችን ገቢያቸውን በቅጹ ላይ የሚሞሉት ሁሉም ሰው እንዲያየው አይደለም።